መምህር ቸሩ የተወለዱበት ቤት

ማናዬ ሦስተኛውን ፎቅ ወጥታ ሳትጨርስ የእናቷን ሳቅ ሰማች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ አየር እንዲገባ ብለው በሩን ገርበብ አድርገውት ስለነበር ቃላቸው በደረጃው ወደ ታች ይወርዳል። “አዎን፣ ዛሬ ነው እንጂ” ይላሉ አሽዶድ ላለችው እህታቸው። “ይኸን ለማየት ደረስን! ለባሪያችን ቤት ሠርተውለት፣ መራቂዋ ደግሞ እኔ! ኧረ ማናዬ ናት የምትወስደኝ። ቤቱንማ እኔ አይደለሁ የነገርኳቸው? የአባዬን ቤት ነው የሠሩት፤ ቁርጥ የአባዬን ቤት።” ከዚያ ደግሞ ሳቁ።

ማናዬ እግሯን ለቀጣዩ ደረጃ አንስታ እዚያው ቀረች። በአንድ እጇ የመኪና ቁልፍ፣ በሌላው ገበያው በር ላይ በሠላሳ አምስት ሼቅል የገዛችው አበባ ነበር። ዓርብ ጠዋት ስለሆነ ከታች ያለችው ጎረቤት ለነገው ሰንበት፣ ለሻባት፣ ዶሮዋን ምድጃ ውስጥ ከትታለች፤ ሽታው ደረጃውን ሞልቶታል። ባሪያ የሚለውን ቃል ማናዬ የሰማችው ዛሬ ገና አይደለም። ሠርግ ቤት ሴቶች አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያንሾካሹኩ፣ አንድ ሰው አልፎ ሲሄድ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ሰምታዋለች። ስለ መምህር ቸሩ ግን ሰምተሽ ነበር ወይ ቢሏት፣ ሰምቻለሁ ብትል ውሸት ነው፤ አልሰማሁም ብትልም ውሸት ነው። ጠይቃ የማታውቀው ነገር ነበር፤ ለምን እንዳልጠየቀችም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

መምህር ቸሩ ለሷ የፊደል አባቷ ናቸው። አዲስ አበባ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እስራኤል የሚወስደውን አውሮፕላን ሲጠብቅ በከረመበት ግቢ፣ የወተት ካርቶን ቀድደው በከሰል የዕብራይስጥ ፊደል እየጻፉ ሕፃናቱን ሰብስበው ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ማናዬ ስሟን መጀመሪያ የጻፈችው በዚያ ካርቶን ላይ፣ እጇን በእጃቸው ይዘውላት ነው። ቂርያት ጋት ከገቡም በኋላ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እየዞሩ የሰፈሩን ልጅ ሲያስጠኑ ኖሩ፤ ዛሬ መሐንዲስና ነርስ የሆነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚያዝዘው ግማሹ በሳቸው እጅ ያለፈ ነው። በሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው ከመቃብሩ አጥር ተርፎ መንገድ ዘግቶ ነበር። እናቷ ታዲያ የሚስቁት በኚህ ሰው ነው።

ጉሮሮዋን ጠረገችና ጫማዋን ከወትሮው አስጩኻ ወጣች። ስልኩ ወዲያው ተዘጋ።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጥልፍ ያለውን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የጆሮ ወርቃቸውን አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሣለትም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ብቻውን ያበራል፤ ከበላዩ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ተደርድሯል፣ ሁሉም የወታደር ልብስ ለብሰው። “ደረስሽ?” አሉ። “አበባ ነው? ስንት አሉሽ?”

“ሠላሳ አምስት።”

“ለሚረግፍ ነገር!”

“ማን ነበር በስልክ፣ እማዬ?”

“አክስትሽ ናት። ሰላም ብላሻለች።”

ማናዬ ተንበርክካ የእናቷን ጫማ አጠለቀችላቸው። እግራቸው አብጧል፤ ማሰሪያውን አላላችላቸው። ሰማሁዎት ልትል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሰማንያን የተሻገሩ እናት ናቸው፤ በዚያ ላይ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ቃሉን ከራሷ አፍ አውጥታ መናገር አስጠላት። ዝም አለች። እናቷም ዝም አሉ። ሁለቱ እንዲህ ዝም መባባል ድሮም ያውቁበታል።

ነገሩን የጀመረችው ራሷ ማናዬ ነበረች። የመምህር ቸሩ ልጅ ዳቪድ ከሷ ጋር በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። እዚሁ የተወለደ፣ ገና ሠላሳውን ያለፈ፣ አማርኛው የሚሰባበር፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። አባቱ ከሞቱ በኋላ የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው፣ ሰፈሩ ሁሉ ማትናስ በሚለው የባህል ማዕከል ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ተፈቅዶላቸው፣ መምህሩ የተወለዱበትን ጎጆ እንዳለ ሊሠሩ አሰቡ። ትምህርት ቤቶች እየመጡ ይጎበኙታል፤ ከዚያ ቤት ወጥቶ ይህን ሁሉ ሕፃን ያስተማረ ሰው ነበር ይባላል። ችግሩ መምህር ቸሩ ስለ ልጅነታቸው ተናግረው አያውቁም። ሲጠየቁ “ደምቢያ ነው የተወለድኩ” ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር። ዳቪድ በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ሲያማርራት ማናዬ ፊቷ በርቶ “እናቴ ታውቃለች!” አለችው። “የተወለዱት እኮ አያቴ ቤት ነው።” ይህን ስትል በኩራት ነበር። እኛ ቤት ተወለዱ፣ እኛ ቤት አደጉ፤ ዝምድና አድርጋ ቆጥራው ነበር።

ወይዘሮ ባንቺአየሁም አላሳፈሯትም። ዳቪድ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ ሻይ ቀርቦለት፣ ምሰሶው ይህን ያህል፣ ቆጡ በዚህ በኩል፣ መደቡ በዚያ በኩል እያሉ አስጻፉት። ባለፈው ክረምት ደግሞ እሱ ራሱ ደምቢያ ድረስ ሄዶ፣ በነገሩት ምልክት ቤቱን አገኘው። ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ፈርሶ በሩ ብቻ በጉበኑ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያንን የወይራ በር ከባለ መሬቱ ለምኖ በመርከብ አስመጣው። በሩ የመጣ ዕለት ስልክ ደውሎ በደስታ ሲንተባተብ ማናዬ አብራው አልቅሳለች።

ባቡር ጣቢያው ጋ ልጇን ታሄልን ጫኗት። ታሄል ከጦር ሠፈር ለሻባት ፈቃድ ወጥታ ገና ልብሷን አልቀየረችም፤ ሻንጣዋን ከኋላ ወርውራ የአያቷን ጉንጭ ሳመችና “ሳቭታ፣ እንዴት ነው የቆነጀሽው!” አለች። አማርኛ የምታውቀው ከአያቷ ቤት የለቀመችውን ያህል ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር ጭራሽ አታውቅም፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁም ከሷ ሲሆን አንቺ መባሉን ይወዱታል። እስከ ማትናሱ ድረስ ሁለቱ ሲሳሳቁ ማናዬ መንገዱን ብቻ እያየች ነዳች።

ጎጆው በግቢው ጥግ፣ ከመኪና ማቆሚያውና ከልጆች መጫወቻው መካከል ቆሟል። ሣሩ ከየት እንደተገኘ እንጃ፣ ክዳኑ ያማረ ነው። በሩ ራስ ላይ በዕብራይስጥና በአማርኛ “መምህር ቸሩ የተወለዱበት ቤት” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል “በወይዘሮ ባንቺአየሁ ትረካ መሠረት የተሠራ” ይላል። ስልሳ የሚሆን ሰው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከካርሜ ጋት አዲሶቹ ሕንፃዎች ሕፃናት በጋሪ ይዘው የመጡ የድሮ ተማሪዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ከከተማው አስተዳደር የተላከ አንድ ሰው። ዝግጅቱን የምትመራው ሳፒር የምትባል የማትናሱ ሠራተኛ ወይዘሮ ባንቺአየሁን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ የቻለው ሰው ሁሉ ተከትሎ ገባ።

እናቷ መካከል ላይ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ ማናዬ ፊታቸውን አየች። እንዲህ ዓይነት ደስታ አይታባቸው አታውቅም። ምሰሶውን ዳበሱት። “ይኸ ትንሽ ይቀጥናል” አሉ። “የአባዬ በሁለት ክንድ አይታቀፍም ነበር። ቆጡ ግን እሱው ነው።” ከዚያ ሰው ስለ መምህሩ አንድ ነገር ይንገሩን ሲላቸው፣ ቸሩ ልጅ ሆኖ ጤፍ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ተልኮ፣ ማታ አህያዋ ዱቄቱን ተሸክማ ብቻዋን እንደመጣች፣ እሱ ግን ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ገብቶ እንደቀረ አወሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታሄልም በስልኳ እየቀረጸች ሳቀች። አህያዋ የማን እንደነበረች፣ ዱቄቱ የማን እንደነበረ የጠየቀ የለም። ማናዬ ግን በሳቁ መካከል የጠዋቱ ስልክ ጆሮዋ ላይ አቃጨለባት። ሕፃኑ የሸሸው ከዚህ ቤት ነበር። ከሷ አያት።

በዚህ መሐል በሩ ላይ ሰው ቆመ። አባባ ሰጠው ናቸው፣ የመምህር ቸሩ ታላቅ ወንድም፤ ዳቪድ ከርሖቮት ድረስ ሄዶ አምጥቷቸዋል። ረጅም ናቸው፤ ኮትና ባርኔጣ አድርገው በከዘራ ቆመዋል። ከመግባታቸው በፊት መዳፋቸውን በሩ ላይ ጣል አድርገው ቆዩ። “በሩን አወቁት፣ አጎቴ?” አላቸው ዳቪድ።

“አወቅሁት” አሉ። “ንጋት ላይ የምከፍተው፣ ማታ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።” መዳፋቸውን ከበሩ አንሥተው ደግሞ “ከውጭ በኩል” አሉ።

ዳቪድ አልገባውም፤ ክንዳቸውን ይዞ አስገብቶ ውስጥ ከነበረችው አንዲት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ዓይናቸው ጨለማውን ለምዶ ወይዘሮ ባንቺአየሁን እስኪያይ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲያዩዋቸው እንደተቀመጡ አልቀሩም። ያ ሁሉ ቁመት በአንዴ ተነሣ፤ ባርኔጣቸው ወረደ፣ ጀርባቸው ጎበጠ፣ ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “እሜቴ ባንቺ፣ እንደምን አደሩ” አሉ። ከዚያም ወንበሩን በእጃቸው ጠርገው ለሳቸው አስጠጉላቸው።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተቀመጡ።

ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እንዲህ ዓይነት የሽማግሌ ጨዋነት ከየት ይገኛል ብለው ነው መሰለኝ፣ አንዷ ዓይኗን ሁሉ ጠረገች። ማናዬ ከምሰሶው ጋር ተጣብቃ ቀረች፤ ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ። እሜቴ የሚለውን ታውቀዋለች፤ ገረድ ለእመቤቷ፣ ባሪያ ለጌታው ሚስትና ልጅ የሚለው ቃል ነው። እናቷ ወንበሩን ሲቀበሉ ትንሽ እንኳ አላቅማሙም፤ ዕድሜ ልኩን የሳቸው እንደሆነ ሰው ነበር የተቀመጡት። ታሄል ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ “እሜቴ ምን ማለት ነው?” አለቻት።

“የአክብሮት ቃል ነው” አለች ማናዬ። “ለትልቅ ሴት የሚባል።”

“እንዴት ያምራል!” አለች ታሄል።

ዳቪድ መሐል ላይ ገብቶ ቆመ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። በተሰባበረ አማርኛው “እማማ ባንቺአየሁ፣ አባቴ... የትኛው ቦታ ነው የተወለደው? ቦታው ራሱ?” አላቸው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ወደ ምድጃው አዩ፣ ወደ መደቡ አዩ። “እዚያ ነዋ” አሉ፣ በጣታቸው እያመለከቱ። “ከምድጃው አጠገብ፣ መደቡ ላይ። እናቱ ሙቀት እንድታገኝ ተብሎ።” ዳቪድ ሄዶ መደቡን በመዳፉ ዳሰሰው። ጭቃው ገና አዲስ ነው፤ ራሱ የለጠፈው ነው። ቀና ብሎ አጎቱን በዓይኑ ጠየቃቸው።

“እሜቴ ካሉ ልክ ነው” አሉ አባባ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ሳፒር ማናዬን ንግግር እንድታደርግ ጠራቻት። ሌሊቱን ያጠናችው ነገር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም። ስለ ካርቶኑና ስለ ከሰሉ ጀምራ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ከሐዘን መሰለውና የበለጠ አጨበጨበላት። ዳቪድ መጥቶ አቀፋትና “አንቺና እናትሽ ባትኖሩ አባቴ ቤት አልነበረውም” አላት። ያን ጊዜ መሬቱ ቢውጣት ደስ ባላት።

መኪናው ከማትናሱ ወጥቶ ዋናውን መንገድ ሲይዝ ታሄል ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተንጠራርታ “እሜቴ፣ ቀበቶሽን እሰሪ!” አለችና ሳቀች።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ አልሳቁም። “እንደዚያ አትበይኝ።”

“ለምን? አባባ ሰጠው ሲልሽ ደስ ብሎሽ ተቀመጥሽ አይደል?”

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ወደ ማናዬ ዞሩ። “ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?”

“አክብሮት ነው ብዬ።”

“ደግ ብለሻል። በቃ ተይው።”

መብራቱ ቀይ ሆነ። ፊት ለፊታቸው አንድ አውቶቡስ ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ቆሟል፤ ማናዬ የኋላ ሰሌዳውን እያየች በዕብራይስጥ “ውሸቴን ነው፣ ታሄል” አለች። “ባሪያ እመቤቱን የሚጠራበት ስም ነው።” ባሪያ የሚለውንም በዕብራይስጥ ነው ያለችው። ያንን ቃል ታሄል ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው በፋሲካ ማዕድ ላይ፣ በግብፅ ባሪያ የነበርነው እኛ ነን ሲባል ነው። “እኛ?” አለች። “እኛ ነን ወይስ እነሱ?”

“እነሱ። እኛ ጌቶቻቸው ነበርን።”

ማናዬ መሪውን እንደያዘች እናቷን በአማርኛ ጠየቀች። “እማዬ፣ የት ነው የተወለዱት?”

“ነገርኳችሁ እኮ።”

“ትርፌ ምጥ ሲይዛት አያቴ መደቧ ላይ አስተኛቻት? ሚስቶች እንኳ ሲወልዱ ከመንደር ወጥተው አራስ ጎጆ አልነበረም የሚገቡት?” ትርፌ የነሰጠው እናት ስም ነው፤ ይህን ስም ማናዬ ከእናቷ አፍ የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሆና ነው።

“አራስ ጎጆማ የጨዋ ሴት አለችበት” አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። “ከሷ ጋር ትግባ? እምዬ አይሆንም አለች። ዝናብ ነበር። ጥጆቹን አስወጡና ጋጡ ውስጥ አስገቧት። ሰጠው ውጭ ቆሞ ያለቅሳል። እንግዲህ ምን ልበላቸው ነበር? ይኸን ሁሉ ሰው ሰብስበው፣ አባትህ ከጥጃ ጋጥ ነው የተወለደ ልበለው? ለሱ ክብር ብዬ ነው።”

“ለሱ ክብር ነው ለኛ?”

እናቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከኋላ ታሄል ምን አለች፣ ምን አለች እያለች ትወተውታለች፤ ማናዬ አንድ በአንድ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችላት። ጥጃ። ዝናብ። ጋጥ። ስትጨርስ ታሄል ስልኳን አውጥታ የቀረጸችውን ተመለከተች፤ ጭብጨባው መኪናው ውስጥ ተሰማ፣ ወዲያው አጠፋችው። “ዳቪድ ያውቃል?” አለች።

ማናዬ አደባባዩን ሙሉውን ዞራ መኪናውን ወደ መጣችበት መለሰች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ “የት ነው?” አሉ፤ ገብቷቸዋል፣ ደግመው አልጠየቁም።

ግቢው ባዶ ሆኗል። ዳቪድ ወንበር እየደራረበ ነው፤ አባባ ሰጠው የበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውኃ ይጠጣሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከመኪናው አልወረዱም። ማናዬ ሄዳ ዳቪድ ፊት ቆመችና ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችው። ቤቱ ለአባቱ የዘመድ ቤት እንዳልነበረ፣ የጌቶቹ ቤት እንደነበረ፤ አያቱ ትርፌ በአያቷ ቤት ባሪያ እንደነበረች፤ አዋጅ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፎ አዋጁ እዚያ ቤት እንዳልደረሰ፤ አባቱም የተወለዱት በጥጃ ጋጥ ውስጥ እንደሆነ። “ይቅርታ” አለች። “ዛሬ ነው ያወቅሁት። ማወቅ ነበረብኝ።” ዳቪድ ወንበር በእጁ እንደያዘ ያያታል። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

የተናገሩት አባባ ሰጠው ናቸው።

“ማን ጠየቀሽ?” አሉ።

“አባባ ሰጠው፣ እኔ...”

“ማን ጠየቀሽ ነው የምልሽ። ወንድሜ ይህች ቃል ልጁ ጆሮ እንዳትደርስ ስንት ነገር እንደዋጠ ታውቂያለሽ? ድግስ ላይ ከማዕድ ሲያገሉት ‘ሆዴን አሞኝ ነው ያልበላሁ’ ይለው ነበር ለልጁ። ከናንተ ራቅ ብሎ ይደግ ብሎ አማርኛ እንኳ አላስተማረውም፣ የሁላችሁን ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው! ሞተ፤ ልጁ ሳይሰማ ሞተ። ዛሬ እኔ አፌ አመለጠኝ፣ የለመደ አፍ ነው፣ እሜቴ አለ። እሱም እነዚህ ልጆች አልገባቸውም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የእናትሽን ውሸት ልክ ነው ያልኩት ለሷ መሰለሽ? አንቺ ደግሞ ግማሽ ቀን መያዝ አቅቶሽ አምጥተሽ እዚህ ጣልሽው።”

ማናዬ እውነቱን ስትናገር ይህን ያህል ክፉ ነገር ታደርጋለች ብላ አላሰበችም ነበር። ቅድም በእናቷ አፍረት የሞቀው ፊቷ፣ አሁን በራሷ ቀዘቀዘ።

ዳቪድ ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። “ቆይ” አለ በዕብራይስጥ፣ ለማንም ሳይሆን። “ኤሊሸቫ።” ከዚያ ለማናዬ ነገራት። ከሦስት ዓመት በፊት ሊያገባት የነበረች ልጅ ናት፤ አዳራሽ ተይዞ፣ ቀለበት ተገዝቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት አባቷ ደውሎ ቀርቷል አለው። ምክንያት አልነገረውም። ልጅቷም ስልክ ማንሣት ተወች። “እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋሁ ነው የማስበው” አለ ዳቪድ። “መጀመሪያ ደመወዜ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጸባዬ ነው አልኩ። ከሴት ጋር መነጋገር እስክፈራ ድረስ።” ወደ አጎቱ ዞሮ በአማርኛ ጠየቃቸው። “ስለዚህ ነው?”

አባባ ሰጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። “ስለዚህ ነው።”

“አባቴ ያውቅ ነበር?”

“ያውቅ ነበር። በዚያው ሐዘን አልጋ ያዘ።”

“ግን የኤሊሸቫ ቤተሰቦች የትግሬ አገር ሰዎች ናቸው” አለ ዳቪድ። “ደምቢያን አያውቁም። ማን ነገራቸው?”

ከመንገዱ ማዶ የሱቅ መዝጊያ ብረት ሲወርድ ተሰማ። ታሄል ከመኪናው ወርዳ ነበር፤ ኮፍያዋን ትከሻዋ ላይ ሰክታ፣ ማንም ሳያዝዛት ወንበሮቹን አራት አራት እያደረገች ወደ መጋዘኑ መውሰድ ጀመረች። ዳቪድ አያት፤ ተዪው አላላትም፣ እሺም አላላትም። “ሂጂ ማናዬ” አለ። “ሻባት ሊገባ ነው።”

ለመሄድ ስትዞር አባባ ሰጠው በከዘራቸው መንገዷን ያዙት። ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቶ ነበር፤ የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ነው የቀረው። “አሁን ቀለለሽ?” አሏት።

አሰበች። ሊዋሽላቸው የሚችል ነገር አልቀረም። “አልቀለለኝም፣ አባባ ሰጠው።”

“ደግ” አሉ፤ ከዘራቸውንም አነሡላት።

መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ታምቋል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ መስኮቱን አልከፈቱም፤ ቀበቶአቸውን ሳይፈቱ፣ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አጣጥፈው እንደተዋቸው ተቀምጠዋል። ማናዬ ገብታ በሩን ዘጋች።

“ነገርሽው?” አሉ።

“ነገርኩት።”

“ምን አለ?”

ማናዬ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው፤ አላዞረችውም። በመስታወቱ ታሄል ወንበር ተሸክማ ስትመላለስ ይታያል። “እማዬ” አለች። “የኤሊሸቫ አባት የዳቪድን ዘር ሊያጣራ እርስዎ ጋ መጥቶ ነበር?”

እናቷ ፊታቸውን ወደ ጎጆው አዞሩ። ዳቪድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከውስጥም አልገባ፣ ከውጭም አልዘጋው፣ ዝም ብሎ እንጨቱን ያያል።

“መጥቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት” አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። “ያኔ እንኳ አልዋሸሁም።”